ባክቴሪያ የማይሰፍርበት ቲታኒየም፦ ለአጥንት የሚገባው ብረት ገጹ እንዴት ይዘጋጃል?

ከመተማ፣ ከደባርቅ፣ ከጭልጋና ከአርማጭሆ መስመር በመኪና፣ በባጃጅ ወይም በሞተር ሳይክል አደጋ፣ አንዳንዴም ከዛፍ ወይም ከገደል ወድቀው አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች ለሕክምና ወደ ጎንደር ይመጣሉ። ስብራቱ በጄሶ ብቻ የማይያዝ ከሆነ ሐኪሞች የተሰበረውን አጥንት በቀዶ ሕክምና ገጥመው በፕሌትና በብሎን፣ ወይም በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ በሚያልፍ ረጅም ዘንግ ያስሩታል፤ ቤተሰብም «ብረት ገባለት» ይላል። ከእነዚህ ታካሚዎች አብዛኞቹ ድነው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የጥቂቶቹ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቆ፣ ቁስሉ ጠግጎ፣ ታካሚው በክራንች መራመድ ከጀመረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እግሩ ያብጣል፣ ያተኩሳል፤ ጠባሳው በአንድ ነጥብ ላይ ይከፈትና መግል ያወጣል። አንቲባዮቲክ ሲወስድ ይደርቃል፤ ሲያቆም ተመልሶ ያመረቅዛል። ቤተሰብ «መድኃኒቱ ሠርቶ ከነበረ ለምን ተመለሰ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱ ያለው በብረቱ ገጽ ላይ፣ በዓይን በማይታይ ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንን ገጽ ባክቴሪያ እንዳይሰፍርበት አድርጎ ለማዘጋጀት ብዙ ደክመዋል። አንዳንዱ ሥራ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሰው አካል ውስጥ አገልግሎት ላይ ውሏል፤ አብዛኛው ግን ገና መንገድ ላይ ነው። የትኛው የት እንደደረሰ፣ ለእኛ አካባቢ ሕክምናስ የትኛው ሊጠቅም እንደሚችል ማወቅ ለታካሚም ለባለሙያም ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ብረቱ ራሱ በአጭሩ እንጀምር። ቲታኒየም ለአጥንት ሕክምና የተመረጠው ጠንካራ፣ ቀላልና በሰውነት ፈሳሽ የማይበላ ስለሆነ ነው። የመለጠጥ ባሕርዩ ከማይዝገው ብረት ይልቅ ወደ አጥንት የቀረበ ነው፤ ግትርነቱ የብረቱን ግማሽ ያህል ስለሆነ ከአጥንቱ ጋር ሸክምን በተሻለ ሁኔታ ይጋራል። የስዊድኑ ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ) በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለመመልከት የቲታኒየም መሣሪያ ተክሎ ሲሠራ፣ አጥንቱ ከቲታኒየሙ ጋር እጅግ ከመጣበቁ የተነሣ መሣሪያውን መንቀል እንዳልተቻለ አስተዋለ። ይህ ግኝት በ1965 በሰው መንጋጋ ውስጥ የመጀመሪያው የቲታኒየም ጥርስ ሥር እንዲተከል መንገድ ከፈተ። አጥንት ቲታኒየምን የሚቀበልበት ምስጢር ብረቱ አየር ሲነካው ወዲያውኑ የሚለብሰው የኦክሳይድ ሽፋን ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ የአንድ ባክቴሪያ ስፋት ወደ 1,000 ናኖሜትር፣ የሰው ጸጉር ውፍረት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር መሆኑን ስናስብ፣ ሰውነት ቲታኒየሙን የሚያውቀው በዚህ እጅግ ስስ ልባስ በኩል ብቻ መሆኑ ይገርማል።

ችግሩ የሚመጣው አጥንት ገንቢ ሴሎች የሚወዱትን ገጽ ባክቴሪያዎችም ስለሚወዱት ነው። ብረቱ ሰውነት ውስጥ በገባ በሰከንዶች ውስጥ ከደም የመጡ ፕሮቲኖች፣ በተለይ አልቡሚን፣ ፋይብሪኖጅንና ፋይብሮኔክቲን፣ ይለብሱታል። አጥንት ገንቢ ሴሎች እነዚህን ፕሮቲኖች ይዘው ይሰፍራሉ። ነገር ግን በቆዳችን ላይና በአፍንጫችን ውስጥ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያም ፋይብሪኖጅንንና ፋይብሮኔክቲንን ለይተው የሚጨብጡ የራሱ መያዣዎች በአካሉ ላይ አሉት። አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም አንቶኒ ግሪስቲና በ1987 (እ.ኤ.አ.) ይህንን ሁኔታ ገጹን ለመያዝ የሚደረግ ሩጫ ብለው ገለጹት። የሰውነት ሴሎች ቀድመው ገጹን ከሸፈኑት ባክቴሪያው የሚይዘው ባዶ ቦታ ያጣል፤ ባክቴሪያው ከቀደመ ደግሞ አጥንቱ ከብረቱ ጋር መዋሐድ ይሳነዋል። የሩጫው ውጤት በአመዛኙ የሚወሰነው ገና ታካሚው ከማደንዘዣው ሳይነቃ ወይም በነቃ ማግሥት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው።

ባዕድ ነገር በሰውነት ውስጥ መኖሩ ብቻውን ለባክቴሪያ ምን ያህል እንደሚያግዝ የሚያሳዩ ሁለት የቆዩ ሙከራዎች አሉ። በ1957 ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በበጎ ፈቃደኞች ቆዳ ውስጥ መግል ለማስያዝ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ስታፊሎኮከሶች እንደሚያስፈልጉ፣ በቦታው የሐር ስፌት ክር ካለ ግን ጥቂት መቶዎች እንኳ እንደሚበቁ አሳዩ። በ1982 ደግሞ በስዊዘርላንድ ዚመርሊና ባልደረቦቹ በጊኒ ፒጎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከቆዳ ሥር የተቀበረ ባዕድ ዕቃ ባለበት 100 ባክቴሪያዎች ኢንፌክሽን ለመፍጠር በቁ። ምክንያቱም በብረቱ ዙሪያ ያሉ ነጭ የደም ሴሎች ሊውጡት የማይችሉትን ትልቅ ባዕድ አካል ለማጥቃት ሲሞክሩ አቅማቸውን ስለሚጨርሱ፣ እውነተኛው ጠላት ሲመጣ የመግደል ኃይላቸው ደክሞ ስለሚገኝ ነው። ስለዚህ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አንድ ጓንት መቀደዱ፣ አንድ ሰው ያለ አስፈላጊ ምክንያት በሩን ከፍቶ መግባቱ ትንሽ ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ መቶ ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ አቧራ ላይ ተቀምጦ ሊመጣ ይችላል።

ባክቴሪያው ገጹን ከያዘ በኋላ የሚያደርገው ነገር የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። መጀመሪያ ላይ ልል ሆኖ ይጣበቃል፤ በዚህ ደረጃ በእጥበት ሊወገድ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን አጥብቆ ይይዝና እየተባዛ ከስኳር ውሁዶች፣ ከፕሮቲንና ከዘረመል ክሮች የተሠራ የሚያዳልጥ ሙጫ በላዩ ላይ ያፈልቃል። ይህ ባዮፊልም ይባላል። ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ የውሃ ጀሪካን ውስጡ ሲዳሰስ የሚያሟልጨው ነገር ራሱ ባዮፊልም ነው፤ ውሃ ማፍሰስ ብቻውን እንደማያስለቅቀው፣ መፈግፈግ እንደሚፈልግ እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በብረቱ ላይ የተሠራውንም ባዮፊልም በደም በኩል የሚመጣ መድኃኒት እንዲሁ በቀላሉ አያስለቅቀውም። ሙጫው የነጭ የደም ሴሎችን መንገድ ይዘጋል፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅንና ምግብ ሲያጥራቸው መባዛታቸውን ቀንሰው ያንቀላፋሉ። አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች የሚገድሉት በመባዛት ላይ ያለን ባክቴሪያ ስለሆነ፣ ያንቀላፋውን ያልፉታል። በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ለመሞት በፈሳሽ ውስጥ ነጻ ሆኖ ከሚንሳፈፈው ባክቴሪያ እስከ 1,000 እጥፍ የሚደርስ የመድኃኒት መጠን ሊፈልግ ይችላል፤ ያን ያህል መድኃኒት ለሰው መስጠት ኩላሊትንና ጆሮን መጉዳት ነው።

መድኃኒቱ ሲወሰድ የሚደርቀው፣ ሲቆም የሚያመረቅዘው ቁስል ምክንያቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ከባዮፊልሙ ወጥተው የተበተኑትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ እብጠቱም ይጎድላል፤ ጎጆው ግን በብረቱ ላይ እንዳለ ይቆያል። በመጨረሻ ብዙውን ጊዜ መፍትሔው እንደገና መክፈት፣ የሞተውን አጥንትና ሥጋ ማጽዳት፣ ብረቱን ማውጣት ወይም መለወጥ፣ ከዚያም ለሳምንታት መድኃኒት መስጠት ነው። ይህ ለታካሚው ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላ የወራት የአልጋ ጊዜ፣ ለገበሬ ቤተሰብ ደግሞ ያለፈ የእርሻ ወቅት ማለት ነው።

እንግዲህ ባዮፊልሙ ከተሠራ በኋላ ከመታገል ይልቅ ከመጀመሪያው እንዳይሠራ ማድረግ የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው። የገጽ ዝግጅት የሚባለው ሳይንስ የተነሣው ከዚህ ነው። ሁሉም ዘዴዎች ግን አንድ ከባድ ፈተና አለባቸው፤ ባክቴሪያን የሚያባርር ወይም የሚገድል ነገር አጥንት ገንቢውን ሴልም ሊያባርር ወይም ሊገድል ይችላል። ለምሳሌ አጥንት ሸካራ ገጽን ይወዳል፤ ስለዚህ የዳሌና የጥርስ ተከላዎች ገጽ ሆን ተብሎ በአሲድ ወይም በአሸዋ ርጭት ይሻክራል። ነገር ግን ሸካራ ገጽ ለባክቴሪያም መሸሸጊያ ጉድጓድ ይሰጣል። ጥሩ ገጽ ማለት አንዱን ጠርቶ ሌላውን የሚከለክል ገጽ ነው፤ ይህንን ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው።

አንዱ መንገድ መግደል ሳይሆን ማዳለጥ ነው። ውሃን አብዝተው የሚይዙ፣ ፖሊኢቲሊን ግላይኮልን የመሰሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች በቲታኒየሙ ላይ ሲተከሉ ፕሮቲንም ባክቴሪያም በላያቸው ለመቀመጥ ይቸገራል። ሐሳቡ የሚያምር ነው፤ ሆኖም አጥንት ገንቢ ሴሎችም እንዲሁ ስለሚያዳልጣቸው ብቻውን ለአጥንት የሚበቃ አልሆነም።

በሰው ላይ ብዙ ልምድ ከተገኘባቸው ሽፋኖች አንዱ የብር ሽፋን ነው። ብር ባክቴሪያን የሚገድለው እንደ ጠንካራ ብረት ሆኖ ሳይሆን፣ በእርጥበት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚለቃቸው አየኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ወደ ባክቴሪያው ዘልቀው ከፕሮቲኖቹ የድኝ ክፍሎች ጋር ሲጣበቁ፣ የሽፋኑን ሥራ ሲያውኩና ኃይል ማመንጫውን ሲያናጉ ነው። ስለዚህ በአንገት የሚንጠለጠል የብር መስቀል ወይም ጌጥ ቁስልን አይጠብቅም፤ አየኖቹ በበቂ መጠን፣ በትክክለኛው ቦታና ጊዜ መለቀቅ አለባቸው። ብር በአንድ የተወሰነ መንገድ ሳይሆን በብዙ መንገዶች ስለሚያጠቃ ባክቴሪያዎች በቀላሉ አይለምዱትም፤ ይሁን እንጂ ብርን የሚቋቋሙ ዘረመሎች ያሏቸው ባክቴሪያዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተገኝተዋልና ፈጽሞ አይለምዱትም ማለት አይቻልም።

በጀርመን በአጥንት ካንሰር ምክንያት ከፍተኛ የአጥንት ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ በረጅም የቲታኒየም አካል በተተካላቸው ታካሚዎች ላይ የብር ሽፋን ጥቅም ላይ ውሏል። እነዚህ ታካሚዎች በካንሰር ሕክምናው መከላከያ ኃይላቸው የደከመ፣ የተተከለውም ብረት በጣም ትልቅ ስለሆነ ለኢንፌክሽን እጅግ የተጋለጡ ናቸው። በ2010 ሃርደስና ባልደረቦቹ ባወጡት ንጽጽር፣ ተራ ቲታኒየም ከገባላቸው 74 ታካሚዎች 17.6 በመቶው ኢንፌክሽን ሲይዛቸው፣ በብር የተሸፈነው ከገባላቸው 51 ታካሚዎች ግን የያዘው 5.9 በመቶውን ብቻ ነበር። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን የታካሚዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ጥናቱም በዕጣ የተመደቡ ታካሚዎችን ያነጻጸረ አልነበረም። ብር ከልክ ሲያልፍ አጥንት ገንቢ ሴሎችንም ስለሚጎዳ፣ አምራቾች ሽፋኑን የሚያደርጉት በአመዛኙ ከሥጋ ጋር በሚገናኘው የብረቱ ክፍል ላይ እንጂ በአጥንቱ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ አይደለም። ይህ ዝርዝር ትንሽ ቢመስልም የጉዳዩን ሚዛን በሚገባ ያሳያል፤ በአንድ ብረት ላይ እንኳ ለየቦታው የተለየ ገጽ ያስፈልጋል።

በጃፓን ካናዛዋ ዩኒቨርሲቲ በሂሮዩኪ ቱቺያ የሚመራው ቡድን የሠራው የአዮዲን ሽፋን ደግሞ እኔን ከሌሎቹ ይበልጥ ይስበኛል። ፖቪዶን አዮዲን ማንኛውም የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያውቀው፣ ቆዳን ለማጽዳት የሚቀባው ቡናማ ፈሳሽ ነው። የጃፓኑ ቡድን ቲታኒየሙን በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ የተፈጥሮውን ስስ ኦክሳይድ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር (ከ5,000 እስከ 10,000 ናኖሜትር) ድረስ አወፈረው፤ በሂደቱ በተፈጠሩት እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ አዮዲን እንዲቀመጥም አደረገ። አዮዲን ባክቴሪያን ብቻ ሳይሆን ፈንገስንና ቫይረስንም ይገድላል፤ ሰውነትም ለእንቅርት እጢው የሚፈልገው ንጥረ ነገር ስለሆነ በጥቂት መጠን ባዕድ አይደለም። ቡድኑ በ2012 ያወጣው ዘገባ 222 ታካሚዎችን ያካተተ ሲሆን ውጤቱ የሚያበረታታ ነበር። ሽፋኑን ያላገኙ ታካሚዎችን ጎን ለጎን አሰልፎ ባለማነጻጸሩ ግን የመጨረሻ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም።

አንቲባዮቲክን በብረቱ ላይ መቀባት ምናልባት ለሐኪሞች በጣም የሚቀርበው መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ሐሳቡ ከ1970 ጀምሮ፣ ቡክሆልትስ የተባሉት የሃምቡርግ ሐኪም ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከአጥንት ሲሚንቶ (ተከላውን ከአጥንት ጋር ከሚያያይዘው ማጣበቂያ) ጋር ቀላቅለው ከተጠቀሙበት ጊዜ አንሥቶ የታወቀ ነው። በአውሮፓ ለቅልጥም አጥንት ስብራት የተሠራ፣ ጄንታማይሲን ፖሊላክታይድ በተባለ፣ በሰውነት ውስጥ በሚሟሟ ፕላስቲክ መሰል ነገር ውስጥ የተቀባበት የቲታኒየም ዘንግ ለገበያ ቀርቧል። መድኃኒቱ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይለቀቃል፤ ይህም ከላይ ከተነሣው ሩጫ ጋር ይገጥማል፤ ወሳኙ ጊዜ እርሱ ነውና። በብረቱ ዙሪያ የሚገኘው የመድኃኒት ክምችት በደም ሥር ቢሰጥ ሊደረስበት ከሚችለው እጅግ የላቀ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። የደም ዝውውር በተቋረጠበት የተሰባበረ አጥንት ዙሪያ መድኃኒት በደም አማካይነት ሊደርስ እንደማይችል ካሰብን፣ መድኃኒቱን ብረቱ ራሱ ተሸክሞት መግባቱ ብልህነት ነው።

ሌላው ዘዴ ሽፋኑን በፋብሪካ ሳይሆን በቀዶ ሕክምናው ክፍል ማድረግ ነው። በአውሮፓ የተሠራ ሃይሉሮኒክ አሲድንና ፖሊላክታይድን የያዘ ሃይድሮጄል (ውሃ የያዘ ዝልግልግ ቅባት) አለ፤ ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ከመረጠው አንቲባዮቲክ ጋር ይቀላቅለውና ብረቱ ከመግባቱ በፊት ይቀባዋል፤ በቀናት ውስጥም ሟሙቶ ይጠፋል። በ2017 በተዘገበ ጥናት ያልተከፈተ ስብራት ከነበራቸውና በዕጣ ከተመደቡ ታካሚዎች መካከል ጄሉን ካላገኙት 6ቱ፣ ማለትም 4.6 በመቶው፣ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ካገኙት አንድም አልተያዘም። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም የመድኃኒቱ ምርጫ በአካባቢው ባሉ ባክቴሪያዎች መሠረት ሊሆን መቻሉ ነው። በአውሮፓ ፋብሪካ የተቀባ መድኃኒት በአንድ የኢትዮጵያ ሆስፒታል ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ላይገድል ይችላል።

ያለ መድኃኒት፣ በቅርጽ ብቻ ባክቴሪያን መግደል ደግሞ ብዙ ሰው የሚደነቅበት መስክ ነው። በ2012 በአውስትራሊያ ስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ ኤሌና ኢቫኖቫና ባልደረቦቿ ሲካዳ የተባለችው በራሪ ነፍሳት ክንፍ ገጽ ከእጅግ ትንንሽ ዓምዶች የተሠራ መሆኑን፣ በላዩ ያረፈው ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያም በዓምዶቹ መካከል ሽፋኑ ተለጥጦ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚቀደድ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቡድኖች ቲታኒየምን በሙቅ የአልካሊ ፈሳሽ ውስጥ በማቆየት ተመሳሳይ ሹል ገጾች ሠርተዋል። መድኃኒት ስለሌለበት ባክቴሪያው ሊለምደው የሚችለው ነገር የለም፣ ጊዜውም አያልፍም። ድክመቱ ግን እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ባክቴሪያዎች እንደ ሱዶሞናስ በቀላሉ የማይቀደዱ መሆናቸው፣ የሞቱትም ሬሳ ሹሉን እየሸፈነ ለቀጣዮቹ ለስላሳ መቀመጫ መሆኑ ነው። በኤሌክትሪክ በሚሠሩ የቲታኒየም ናኖ ቱቦዎች ውስጥ መድኃኒት መሙላት፣ ጸረ-ባክቴሪያ ፔፕታይዶችን (አጫጭር የፕሮቲን ክሮችን) ወይም ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በማይለቅ ሰንሰለት ማሰር፣ ዚንክና መዳብ መጨመር የመሳሰሉት ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ጥሩ ውጤት ቢያሳዩም አብዛኞቹ ወደ ታካሚ አልደረሱም።

ለምን አልደረሱም? በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ቲታኒየም በደም ውስጥ ካለው ጋር አይመሳሰልም፤ ፕሮቲኑ ገጹን በሸፈነ ጊዜ ብዙ ብልሃቶች ኃይላቸውን ያጣሉ። ከዚያም የሐኪሙ እጅ አለ። ዘንግ በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚገባው በመዶሻ እየተመታ ነው፤ ብሎንም አጥንቱን እየቦረቦረ ነው የሚያልፈው፤ ስስ ሽፋን በዚህ ጊዜ ተፍቆ ሊቀር ይችላል። በእንፋሎት ማምከን አንዳንድ መድኃኒቶችንና ፔፕታይዶችን ያበላሻል። በቁጥጥር ሕግ በኩልም ብረቱ መድኃኒት ሲሸከም ከዕቃነት አልፎ መድኃኒትነትም ስለሚኖረው የሚጠየቀው ማስረጃ እጥፍ ይሆናል። ባልተከፈተ ስብራት ላይ ኢንፌክሽን የሚይዘው ጥቂት ሰዎችን ስለሆነ፣ ከጥቂት ወደ ይበልጥ ጥቂት መቀነሱን ለማረጋገጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎች ያስፈልጋሉ፤ ይህም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። እዚህ ትልቁ አደጋ ያለው አጥንቱ ቆዳውን ሰንጥቆ በወጣበት፣ አፈርና ቁራጭ ጨርቅ በገባበት ክፍት ስብራት ላይ ነው። በ1976 ጉስቲሎና አንደርሰን ባወጡት፣ ዛሬም በሚሠራበት አከፋፈል፣ የመጨረሻው ደረጃ ክፍት ስብራት ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ከመታጠቡ በፊት የሚያልፈው ጊዜ፣ የመንገዱ ርዝመት፣ አንዳንዴም ታካሚው አስቀድሞ ወጌሻ ዘንድ መሄዱ ባክቴሪያው ሩጫውን ቀድሞ እንዲጀምር ያደርገዋል። ወጌሻ ያልተከፈተ ውልቃትንና ቀላል ስብራትን በመያዝ ለማኅበረሰባችን ያበረከተው ነገር አለ፤ ደም የፈሰሰበት፣ አጥንት የታየበት ስብራት ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ስለዚህ በእኔ ግምት ከማንኛውም ሽፋን የሚቀድሙ ነገሮች አሉ፤ አንቲባዮቲክ በደም ሥር በተቻለ ፍጥነት መስጠት፣ የሞተውን ሥጋ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት፣ በብዙ ፈሳሽ ማጠብ። ስለ ማጠቢያው ፈሳሽ ታላቅ ማስረጃ አለን፤ በ2015 የታተመውና 2,447 ክፍት ስብራት ያለባቸውን ታካሚዎች ያካተተው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በሳሙና ከታጠቡት 14.8 በመቶው፣ በተራ ሳላይን (በጨው ውሃ) ከታጠቡት ግን 11.6 በመቶው እንደገና ቀዶ ሕክምና እንዳስፈለጋቸው፣ ውሃውን በከፍተኛ ግፊት መርጨትም ብልጫ እንደሌለው አሳይቷል። ርካሹ ሳላይን አሸነፈ፤ ቀላሉ ግፊትም በቂ ሆነ፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው።

ብዙ ሰው ቲታኒየም ካልገባለት የተበደለ ይመስለዋል፤ ይህም ሊስተካከል ይገባል። በሀገራችን በስፋት አገልግሎት ከሚሰጡት ዘንጎች መካከል የራጅ መሣሪያ በቀዶ ሕክምናው ክፍል በሌለበትም እንዲገባ ተደርጎ የተሠራው የሳይን ኔል ይገኝበታል፤ ድርጅቱ በአሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዚርክል የተመሠረተ ሲሆን ዘንጉ የማይዝግ ብረት ነው፤ እጅግ ብዙ ሰዎችን አስነሥቶ አስኪዷል። እርግጥ በ1996 በጥንቸሎች ላይ በተደረገ ሙከራ ባክቴሪያ ሲጨመር የብረት ፕሌት ከገባላቸው 75 በመቶው፣ የቲታኒየም ከገባላቸው 35 በመቶው ኢንፌክሽን ይዟቸዋል። ሥጋ ከቲታኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚያድግ፣ በማይዝገው ብረት ዙሪያ ግን ፈሳሽ ያለበት ባዶ ቦታ ስለሚቀር ነው ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን በሚገባ ያልታጠበ ቁስል ውስጥ የገባ ቲታኒየም በሚገባ ታጥቦ ከገባ ተራ ብረት አይሻልም።

ሽፋን ለእኛ ሲመጣ የትኛው ይምጣ ብንባል፣ በክፍት ስብራት ላይ ጥቅም የሚሰጠው፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልገው፣ በተራው የእንፋሎት ማምከኛ የማይበላሸውና በመዶሻ የማይፋቀው ነው። በዚህ መለኪያ ከላይ ከተቀባ ሽፋን ይልቅ ከብረቱ ገጽ ራሱ በሚሠራ ወፍራም ኦክሳይድ ላይ ተስፋ እጥላለሁ። ሽፋኑ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ መድኃኒቱን በዱቄት መልክ በቀጥታ በቁስሉ ውስጥ መነስነስ አለ። በ2021 በአሜሪካ የታተመው የ980 ታካሚዎች ጥናት በቅልጥም ጫፍ ስብራት ላይ የቫንኮማይሲን ዱቄት ጥልቅ ኢንፌክሽንን ከ9.8 ወደ 6.4 በመቶ እንዳወረደ ዘግቧል፤ ጥቅሙ የታየው ግን ስታፊሎኮከስን በመሰሉ ግራም ፖዘቲቭ (ወፍራም ግድግዳ ባላቸው) ባክቴሪያዎች ላይ ብቻ ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች ከቁስል በሚወሰዱ ናሙናዎች ላይ የሌላው፣ የግራም ኔጌቲቭ ወገን የሆኑት ክሌብሲየላ፣ ኢ. ኮላይና ሱዶሞናስ በብዛት ስለሚገኙ፣ ብዙ መድኃኒቶችንም ስለለመዱ፣ ያንን ውጤት እንዳለ ወስዶ መተግበር አይቻልም። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ናሙና ከቁስል ጥልቀት ወስዶ፣ በላቦራቶሪ አሳድጎ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ከማወቅ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) የጤና ኮሌጅነቱ ጀምሮ በማኅበረሰብ ጤና ያካበተውን ልምድ ይዞ የአካባቢያችን ባክቴሪያዎች በምን ዓይነት ገጽ ላይ እንደሚሰፍሩ ቢያጠና፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ጥናት ሊሰጠን የማይችለውን መልስ ይሰጠናል።

ብረት ለገባለት ሰውና ለቤተሰቡ የሚቀሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ የመጣ ኢንፌክሽን ባዮፊልሙ ገና ስላልጠነከረ ብረቱ ሳይወጣ ሊድን የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ከወራት በኋላ የመጣው ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከቁስሉ ፈሳሽ ሲወጣ፣ አዲስ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ቀን በቀን የሚጨምር ሕመም ሲኖር ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ምልክቱን ለጊዜው ሸፍኖ ወሳኙን ጊዜ ያባክናል፤ በናሙናው ላይም ባክቴሪያው እንዳያድግ አድርጎ የምርመራውን ውጤት ያሳስታል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን መቆጣጠሩ፣ የሚያጨስ ማቆሙ የቁስሉንም የአጥንቱንም መዳን ያፋጥናል። ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ወረቀት ላይ የገባው ብረት ቲታኒየም ይሁን የማይዝግ ብረት፣ ሽፋን ይኑረው አይኑረው፣ ቀኑና የአካሉ ክፍል እንዲጻፍ መጠየቅ፣ ወረቀቱንም ከቤት ካርታና ከልደት ማስረጃ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ብረቱን ማውጣት ቢያስፈልገው ወይም ኢንፌክሽን ቢጠረጥር መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ወረቀት ነው።